ቀድሞ የቆመ ድንጋይ

የኤታኒም ወር 20

አባቴ ባልሸሌቅ ሆይ፣ እንደምን አደሩ? እናቴ አሪሻት ሆይ፣ እንደምን አደርሽ? እህቴ አማትባል፣ እንደምን አደርሽ? አያቴ ገርዐስታርት ሆይ፣ እርስዎስ እንደምን አደሩ?... ጠዋት ጠዋት ፊቴን ወደ አገሬ ወደ ጢሮስ መልሼ እንዲህ እላለሁ። እዚህ በካርቴጅ መልስ የሚሰጠኝ የለም። ቢሰሙኝም በአነጋገሬ ይስቃሉ።

የአንድ ዘይት ነጋዴ የስእለት ድንጋይ ስናለሰልስ ዋልን። በመጨረሻው መስመር «ድምፁን ሰምቷልና» ብዬ ቀረጽሁ። ሁሉም ድንጋይ የሚያልቀው በዚህ ቃል ነው፤ አምላክ ልመናውን ከፈጸመ በኋላ ብቻ ነውና የሚቆመው።

ኤታኒም 24

የሰፈራችን ልጅ መርከበኛው ቦዶ ከጢሮስ ገባ። «አባትህ ታመዋል» አለኝ። ምን ያህል? «እንጃ... የዓሣ መረባቸውን ለሰው ሰጥተዋል።»

አባቴ መረባቸውን?

ለአምላካችን ለበኣል ሐሞን ተሳልሁ። አባቴ ከዳኑ ድንጋይ አቆማለሁ።

ቡል 2

ወደ ጢሮስ የሚሄደው የዓመቱ የመጨረሻ መርከብ ሄደ። እንግዲህ ክረምቱ እስኪያልፍ ባሕሩ ዝግ ነው። ቦዶ ከመርከቡ ላይ ሆኖ «ትወጣለህ ወይስ እዚያው ሥር ትሰዳለህ?» ብሎ ተጣራ። ድንጋይ የምቀርጽለት ጌታዬ ሂሚልክ ሥራ እንደ በዛበት ነግሮኝ ነበር... ለሥራው ስል ቀረሁ አልሁ። እውነት ነው? ማዕበሉንም ፈራሁ። ከሁለቱም ይልቅ ግን፣ ደርሼ የማየውን ፈራሁ።

ቡል 11

ሥራ ላይ ሁለት ፊደል አበላሸሁ።

ቡል 19

የራሴን ድንጋይ ቀርጬ አቆምሁ። «ገርሳኮን የባልሸሌቅ ልጅ የተሳለው፤ ድምፁን ሰምቷልና።» ወሬ ሳይመጣ... ቀድሜ ካመሰገንሁት አምላክ እንቢ ለማለት ያፍራል ብዬ ነው።

ሂሚልክ አነበበውና «አንተ ጢሮሳዊ፣ በእናንተ አገር ልጁ ሳይወለድ ነው ስም የሚወጣለት?» አለ። ጠራቢዎቹ ሳቁ። እነርሱ ሲሄዱ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንሣው ልጄ። ያልተሰጠህን ተሰጠኝ ብለህ አምላክን ልታዝዘው ነው?»

አላነሣሁም። ባነሣው አባቴን በእጄ የምገድል መሰለኝ።

ዚፍ 6

ክረምቱ አልፎ ባሕሩ ተከፈተ። ቦዶ መጣ። ገና ሲያየኝ ጎንበስ ብሎ ዕቃ ማውረድ ያዘ።

«መቼ?» አልሁት።

«በኤታኒም መጨረሻ። እኔ እዚህ ሳለሁ።»

እንግዲያው ብሳፈርም በሕይወት አልደርስባቸውም ነበር... ይህን ሳስብ፣ መጻፉ ያሳፍራል፣ ጥቂት ቀለለኝ።

ቦዶ ግን አልጨረሰም ነበር። «እናትህ መቃብሩን አላስዘጋ አሉ። የበሩን ድንጋይ የሚገፋው ልጁ ነው፣ የመጨረሻው መርከብ ይግባ አሉ። ስንደርስ ወደቡ ላይ ቆመዋል። የሚወርደውን ሰው ሁሉ አንድ በአንድ አዩ። በኋላ ወደ እኔ መጥተው ‹ጨረሳችሁ?› አሉኝ።»

«አንተስ ምን አልህ?»

«ምን ልበል ወንድሜ? ጨርሰናል አልኋቸው።»

«ድንጋዩን ማን ገፋው?»

«አማትባል። ሲከብዳት እኔም አገዝኋት።»

ዚፍ 8

ወደ ስእለቱ ስፍራ ወጣሁ። «ድምፁን ሰምቷልና» የሚለውን ፈቅፍቄ አጠፋሁ። ሂሚልክ ድንጋዩን ደግፎ ያዘልኝ። የእኔና የአባቴ ስም ብቻ ቀረ። ከሥሩ ጎድጎድ ያለ ባዶ ቦታ አለ፤ ጣት ሲያልፍበት ይታወቃል።

ነገ ከቦዶ ጋር እሳፈራለሁ። ባሕሩን መፍራቴ አልቀረም። ሂሚልክ «ቦታህ እስከ መከር ይቆይልሃል» አለኝ።

እናቴ ሆይ፣ ወደቡ ላይ ስወርድ ዓይንሽን ታነሺልኛለሽ ወይስ ታልፊኛለሽ? እባክሽ፣ ይህን አንዱን መልሺልኝ።