ውሃ መንገድ ጠፋ

ሰኞ

ዛሬም ጋለች። ሆሞሻ ሳትደርስ፣ ዳገቱ ላይ፣ ተሳፋሪ ሙሉ ጭና። ሹፌሬ ሀሩን እያስጎተተ አመጣት። ሚኒባሷ አሮጊት ናት፣ ይገባኛል። ግን በሁለት ሳምንት ሦስት ጊዜ? ይሄማ የሹፌር ስንፍና ነው።

መናኸሪያ መሃል፣ ሹፌሮቹ ሁሉ እያዩ፣ «ውሃዋን አይተሃል ወይ?» ብዬ ጠየቅኩት።

«ውሃ አለ ጋሽ ይመር። ውሃ መንገድ ጠፋ» አለኝ።

በቃ! በገዛ አፉ አመነ። ውሃው መንገድ ላይ እየጠፋ እሱ ዝም ብሎ ይነዳል። ሰባት ዓመት አብሮኝ ሲሠራ አማርኛው አልተቃናም፤ ይሄን ግን ጥርት አድርጎ ተናገረ። ደግሞ እጄን ይዞ ወደ ራዲያተሩ ሊጎትተኝ! አስለቀቅኩት። «ቁልፉን አምጣ፣ ሞተር የሚቀቅል ሹፌር አልፈልግም» ብዬ ጮህኩበት። ሰጠኝ።

ማክሰኞ

ፋጤ ቁርስ ላይ፣ «ሀሩንን ምን አድርገኸው ነው? ሚስቱ ገበያ ላይ አይታኝ ፊቷን አዞረች» አለችኝ። ነገርኳት። «እስቲ አንተዬ፣ መጀመሪያ መኪናዋን ፈትሽ» አለች። እኔን! ከወሎ በሰፈራ ከመጣሁ ጀምሮ የአሶሳን ሞተር ሁሉ የፈታሁትን ሰውዬ! አርባ ዓመት አብራኝ የኖረች ሚስቴ!

ፈተሽኩ ለነገሩ።

ራዲያተር፣ አያፈስም።
ቺንጋው አልላላም፣ ማራገቢያው ይዞራል።
ዘይቱ ንጹህ ነው፣ ውሃ አልገባበትም። የሞተሩ ራስ፣ ቴስታታዋ፣ ተርፋለች፣ አልሐምዱሊላህ።
ውሃ ጎደሎ። ፈልቶ ተተፍቶ ነው ወይስ መጀመሪያም አልነበረም? አልነበረም። እኔ እንደዚያ ነው የምለው።

ረቡዕ

ሀሩን ሥራ ሲጠይቅ ዋለ አሉ። ማንም አልሰጠውም። «ይመር ሞተር ይቀቅላል ብሎታል» ይላሉ። የእኔ ቃል መናኸሪያ ውስጥ ይከበራል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ምሳዬን እንኳ በቅጡ አልበላሁም።

ሐሙስ

ራሴ ነዳኋት። ራዲያተሩን እስከ አፉ ሞላሁ፣ ሁለት ጀሪካን ውሃ ጫንኩ፣ ቢስሚላህ ብዬ ወደ ሆሞሻ። ዳገቱን ሳላጋምስ የሙቀት መለኪያው ቀስት ቀዩ ላይ ወጣ። ቆምኩ። ወደ ሸርቆሌ የምትሄድ አንዲት ተሳፋሪ ከኋላ ሆና፣ «ሀሩን ቢሆን ገና ድሮ አቁሞ ያሳርፋት ነበር» አለች።

ኮፈኑን ከፈትኩ። ሞተሩ ይፋጃል። የራዲያተሩን ሥር በመዳፌ ነካሁት። ቀዝቃዛ! ከላይ እሳት፣ ከታች የጉድጓድ ውሃ። እስኪበርድ ጠብቄ ክዳኑን ብከፍት ውሃው ሙሉ ነው ማለት ይቻላል።

ሀሩን ሰኞ እጄን ይዞ የጎተተኝ እዚያ ሊያስነካኝ ነበር።

«ውሃ መንገድ ጠፋ።» ወይ ጉድ! ውሃው መንገድ ጠፋበት፣ ራዲያተሩ ውስጥ አይዞርም ማለቱ ነው። «በት» ብቻ ነው የጎደለችው። ያችን አንዲት «በት» ልሞላለት ስችል፣ እኔ «ላይ» የምትል ከራሴ ጨምሬ ፈረድኩበት።

ዓርብ

ማለዳ ፈታኋት። የውሃ ፓምፑ ደህና ነው። የቴርሞስታቱን ቤት ከፈትኩ፣ ባዶ። ባዶ መሆኑንማ ማን ይነግረኛል፣ በበጋው መግቢያ ያወጣሁት እኔው ነኝ! «ቆላ ውስጥ ቴርሞስታት ምን ይሠራል? እሱን የሚፈልገው የደጋ መኪና ነው» እያልኩ ያላወጣሁለት ሰው የለም። ሌሎቹን መኪኖች አልጎዳቸው ይሆናል። የእሷ የቴርሞስታት ቤት ግን ከሥሩ አንዲት ቀዳዳ አለችው። ቴርሞስታቱ ውሃው ሲሞቅ ተከፍቶ በእግሩ ያችን ቀዳዳ ይደፍናል፤ ውሃው ሳይወድ በግዱ ወደ ራዲያተር ይሄዳል። እሱ ከሌለ ውሃው በአቋራጭ፣ ሳይበርድ፣ ተመልሶ ሞተሩ ውስጥ ይገባል። ሙቀቱ እስኪብስ ድረስ ቻለችው፣ ከዚያ አቃታት።

ያወጣሁትን ከሚስማር ጣሳዬ ፈልጌ አገኘሁት። በፋጤ ድስት ቀቀልኩት። ውሃው ሊፈላ ሲል ቀስ ብሎ ተከፈተ። ጤነኛ ነው! ጤነኛውን አውጥቼ ጤነኛውን ሰው አባረርኩ። ፋጤ ለድስቷ ልትጮህ አፏን ከፍታ ፊቴን ስታይ ተወችው። «የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ» ብቻ ብላኝ ወጣች።

ጁምዓ ላይ ሀሩን ከእኔ ሁለት ሰው አልፎ ቆሞ ነበር። ስንጨርስ መጥቶ ሰላም አለኝ። እሱ ነው የመጣው! ልነግረው ነበር፣ ሰው በዛ ብዬ ተውኩት። ስሰድበው ግን ሰው አልበዛብኝም ነበር። ፈሪ ነኝ፣ ይጻፍ።

ቅዳሜ

ቴርሞስታቱን መልሼ ገጠምኩ። ዳገቱን ሁለቴ ወጣኋት። ቀስቱ ከመሃል ንቅንቅ አላለም።

ከዚያ መናኸሪያ። ሹፌሮቹ ሻይ ይዘው ተቀምጠዋል። ሳልቀመጥ ተናገርኩ። «ሞተሯን የቀቀልኩት እኔ ነኝ። ሀሩን ምንም ጥፋት የለበትም፤ በሽታዋን ሰኞ ነግሮኝ ነበር፣ አልሰማሁትም።» ሳቁ። አንዱ፣ «ጋሼ፣ የእኔንም አውጥተሃል፣ በል መልስ!» አለኝ። ይሳቁ። ሌላው ግን ሳይስቅ፣ «ለእሱስ ነገርከው?» አለኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

እሑድ

ሀሩን ቤት ሄድኩ። ሚስቱ በር ላይ ሆና «ሆሞሻ ነው፣ አባቱ ጋ» አለችኝ። ግባ አላለችኝም።

ሆሞሻ ግቢው ውስጥ አካፋና ዶማ በገመድ ሲያስር አገኘሁት። መንገዱን ሙሉ ያዘጋጀሁት ንግግር ጠፋብኝ። «ሀሩን፣ አንተ ልክ ነበርክ። አፉ በለኝ» አልኩት።

ወደ ሚኒባሷ ሄደ። ኮፈኑን አስከፈተኝ። ሞተሩ እየሠራ የላይኛውን ቱቦ ነካ፣ ጎንበስ ብሎ የራዲያተሩን ሥር ነካ። ሙቅ ነው። ፈገግ አለ። ሰባት ዓመት የማውቃት ፈገግታው።

«አሁን ውሃ መንገድ አገኘ» አለ።

ቁልፉን ዘረጋሁለት። እጄን ከነቁልፉ በሁለት እጁ ይዞ ዘጋው።

«አፉ ብያለሁ ጋሽ ይመር፣ ወላሂ። እኔም መንገድ አገኘሁ። ነገ ኩርሙክ፣ ከአጎት ልጅ ጋር። ወርቅ እንቆፍራለን።»

«አንተ ሹፌር ነህ እኮ! ትናንት ለሁሉም ነግሬያለሁ፣ ስምህ ጸድቷል።»

«ሰማሁ። ጥሩ ነው። ግን ዘገየ።»

አባቱ ውሃ አመጡልኝ፣ ጠጣሁ።

ብቻዬን ተመለስኩ። ዳገቱን ስወጣ ዓይኔ ቀስቱ ላይ ነበር፤ እስከ አሶሳ ከመሃል አልተነሳም። ዛሬ እንኳ ብትግል ምናለበት፣ አቁሜ ወደ ኋላ የምመለስበት ሰበብ አገኝ ነበር።