ገንዳው ጠርዝ ላይ የሚቀመጡት አማቴ

ቅዳሜ፣ ፌብሩወሪ 12፣ 2011

እንደገና ተሰነጠቀ! ባሌ ከድር ባለፈው ሳምንት የመታጠቢያ ገንዳውና ግድግዳው በሚገናኙበት መስመር ላይ የቀባው ነጭ መድፈኛ አፉን ከፍቷል። ከሥሩ ያለው የወጥ ቤት ኮርኒስ ደግሞ ቢጫ እድፍ አወጣ። እሱ «ርካሹን ገዝተን ነው» ብሎ ተገላገለ። እኔ ግን ሌላው መስመር ደህና ሆኖ እዚህች ጋ ብቻ ለምን እንደሚሰነጠቅ ካላወቅኩ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ኮርኒሱስ ይሁን፣ ይቀባል። የጨነቀኝ የአማቴ ነገር ነው። እማማ ዘህራ ለሰላት ውዱእ ሲያደርጉ እግራቸውን የሚታጠቡት እዚያው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ነው። እድፉን ካዩ ጀምሮ «ቤታችሁን አፈረስኩባችሁ» ይላሉ። ዛሬ ጭራሽ ሚኒሶታ ላለችው ልጃቸው፣ ለሰሚራ ደውለው «ልምጣ፣ ቲኬት ቁረጪልኝ» አሏት። ወላሂ እንዲሄዱ አልፈልግም! ይሄ ቤት ቤት የሆነው እሳቸው ከመጡ ወዲህ ነው።

እሑድ፣ 13

ሬንተን ከተማ ያለው የቤት ማደሻ ዕቃ ሱቅ ሄጄ መድፈኛ ስመርጥ ዋልኩ። አንድ መደርደሪያ ሙሉ! የሁሉንም ጀርባ አነበብኩ።

አክሪሊክ፦ ቀለም ይይዛል፣ በውሃ ይጸዳል። ሲደርቅ ግን ይኮማተራል። የኛው ጉድ ይሄ ነበር።

ሲሊኮን፦ ይሸታል፣ ቀለም አይይዝም፣ እጅ ላይ ከያዘ አይለቅም። ግን እንደ ላስቲክ ይሳባል።

ሲሊኮኑን ገዛሁ። ቤት ስደርስ ከድርን ጠርዙ ላይ አስቀመጥኩት፤ ስንጥቁ ሰፋ። ተነስ አልኩት፤ ጠበበ። ተቀመጥ፣ ተነስ፣ ተቀመጥ። «አበዛሽው እኮ!» አለኝ። ለካ ክብደት ሲያርፍበት ገንዳው ዝቅ ይላል! ኢንተርኔት ላይ ሳይ ደግሞ ክብደቱ ስንጥቁን እንዲከፍተው ገንዳውን ውሃ ሞልታችሁ ቀቡ፣ እስኪደርቅ ውሃውን አታፍስሱ ይላል። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ሰኞ፣ 14

ከድር ኦፍ ነው። አሮጌውን ፍቀን፣ በአልኮል ጠርገን አደረቅን። ቧንቧውን ስከፍት እማማ ደረሱ።

«ይሄ ሁሉ ውሃ ለምን?»

ነገርኳቸው።

«ኢስራፍ ነው! ወንዝ ዳር ሆነሽ እንኳ ውሃ አይባክንም። የሚፈልገው ክብደት አይደል? እኔ እገባለሁ።»

ሙግት የለም። ፎጣ አነጠፍኩላቸው፣ ከነሻርፓቸው ገብተው ቁጭ። የሙስበሃቸውን ዶቃ እየቆጠሩ ከድርን ያዙታል፦ «እዚህ ጋ ቀጠነብህ። ቀስ በል፣ ምን አስቸኮለህ?» እኔ በሳቅ ልሞት።

ከድር ጨርሶ ተነሳ። ያኔ ነው ትዝ ያለኝ፤ እስከ ነገ፣ እስኪደርቅ፣ ክብደቱ ከገንዳው መነሳት የለበትም!

«እና ሰላቴስ?» አሉ እማማ፣ ዓይናቸውን አፍጥጠው።

የጤፍ ዱቄቱ መጣ፣ ሩዙ መጣ፣ ስኳሩ ሳይቀር መጣ። ከረጢቶቹን በእሳቸው ፋንታ ገንዳው ውስጥ አንድ በአንድ ስንከምር እሳቸው ቀስ ብለው ወጡ። የታችኛው መታጠቢያ ቤት ሲንክ ለእግር አይመችም፣ ስለዚህ ሳፋ አምጥቼ እኔ ውሃ አፈሰስኩላቸው። ስለ ሚኒሶታ ግን ፈርቼ አልጠየቅኳቸውም።

ማክሰኞ፣ 15

ከረጢቶቹን አነሳን። እማማ «ቢስሚላህ» ብለው ጠርዙ ላይ ተቀመጡ። እኔ ባትሪ ይዤ ተንበረከክኩ። ሲሊኮኑ ተሳበ። አልተሰነጠቀም! እማማ ለማረጋገጥ እንደገና ተነስተው ተቀመጡ። አልሐምዱሊላህ!

ከሰዓት ሰሚራ ደወለች። ቲኬቱን ልትቆርጥ ነው፣ የትኛው ቀን እንደሚሻል ትጠይቃለች።

«አሁንማ አልችልም፣ ሥራ ይዣለሁ» አሏት እማማ። «የገንዳውን ጨረስን። የወጥ ቤቱ ሲንክ ይቀረናል፣ እነሱ ብቻቸውን አይችሉትም።»

ከድር ዞሮ አየኝ። የወጥ ቤቱ ሲንክ ምንም አልሆነም። ዝም በል ብዬ በዓይኔ ጠቀስኩት።