አባዬ በፖስታ ያሸገው ቃል

አባዬ፣

ከተለየኸን አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። እስካሁን ያልጻፍኩልህ፣ ትመጣለህ እያልኩ ስጠብቅህ ነው።

እማዬ ጉልበቷ ደክሞ ሥራዋን ትታለች። የድሮውን ቤት ለቀን ኤስኲሊኖ ሰፈር ሁለት ክፍል ተከራይተናል። ደብተሮችህ አልጋዬ ሥር ናቸው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ሰፈር ወዳለው ካፌ ይዘኸኝ ትሄድ ነበር። ሰው ቤት የሚሠሩት የአገራችን ሴቶች ተራ ይዘው ይጠብቁሃል። አንዷ እናቷ አዲስ አበባ በሞቱበት ሰዓት እዚህ ሮም ደጃፏ ላይ ቆመው አይታቸዋለች፤ ሌላዋ የሟች ወንድሟን ድምፅ ሰምታለች። አትስቅባቸውም፣ ቶሎም አታምናቸውም። «መርዶው ሳይመጣ ለማን ነገርሽ?» ትላለህ። ለማንም ካልነገረች፣ የቱንም ያህል ቢያስለቅስ፣ ታሪኳ መጽሐፍህ ውስጥ አይገባም። ቄሱ «ሙታን ሳቢ» ብለው ቢቆጡህም ሴቶቹ መጽሐፍህን እየተቀባበሉ ትራም ላይ ያነቡት ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር እያጣራ በአማርኛ የጻፈ ሰው ከአንተ በፊት አላውቅም።

ሆስፒታል ተኝተህ አንድ ቃል ጻፍክና ፖስታ ውስጥ አሽገህ ሰጠኸኝ። «ከሞትኩ በኋላ ከቻልኩ መጥቼ ቃሉን እነግርሻለሁ። እስከዚያ እንዳትከፍቺው» አልከኝ። ቫ ቤኔ፣ እሺ፣ አልኩህ። ሌላ ምን እላለሁ?

ጠበቅኩ፣ አባዬ። አርባህ አለፈ፣ ሙት ዓመትህም አለፈ። በሕልሜ እንኳ አልመጣህም። ባለፈው ወር ጠዋት ሻይ ስንጠጣ እማዬ ድምፅህን ሰማሁ አለችኝ። «ስሜን ጠራኝ። ቃሉ የእኔ ስም ነው፤ ክፈቺው» ብላ አለቀሰች። ላንተ ቃል ገብቻለሁ፤ እሷ ደግሞ ፊቴ እያለቀሰች ነው። ከፈትኩት።

«ማንኪያ» ይላል።

እማዬ ወረቀቱን አገላብጣ አየችውና ጠረጴዛው ላይ መለሰችው። ማንም በግምት እንዳያገኘው ብለህ እንደመረጥከው ገብቶኛል። ግን ዕድሜዋን ካንተ ጋር ለጨረሰች ሴት ይህን በምን አፌ ልንገራት? አሁን ብትመጣም ቃሉን ስላወቅነው ማረጋገጫ አይሆንም። ይቅር በለኝ።

ሴቶቹ ዛሬም ይፈልጉኛል። ባለፈው እሑድ አንዷ ልጇ ባሕር ላይ እንደቀረ ነግራኝ «አባትሽ ቢኖሩ ያለበትን ይነግሩኝ ነበር» አለችኝ። አንተም እንደማታውቅ አውቃለሁ፤ ግን አልነገርኳትም። አጠገቧ ቁጭ ብዬ እጇን ያዝኩ።

ይህን ብትሰማኝም ባትሰማኝም አልረሳህም። ልጅ ሆኜ «አባዬ!» ብዬ ስጣራ፣ የትኛውም ክፍል ብትሆን፣ ሥራህን ጥለህ «አቤት!» ትለኝ ነበር። ያንን አባቴን እስክሞት አስታውሰዋለሁ።

ልጅህ ሕይወት