መኪናዎ ስለቆመበት በር

ለተከበሩ አቶ ሞላልኝ፣
ስሙን ለክብሩ ስል በማልጠቅሰው አንድ የደሴ ሆስፒታል ሥራ አስኪያጅ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም ቤተሰብዎም በጤና እንደሰነበታችሁ ተስፋ አደርጋለሁ፤ እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። ይህ ጤናዎ ሳይጓደል እንዲቆይልዎ፣ ድንገት ቢያምዎ እንኳ እርስዎ ወደሚመሩት ሆስፒታል ሳይሆን ወደ ሌላ የሚወስድዎ ደግ ሰው አላህ እንዳያሳጣዎ ዱዓዬ ነው።

እኔ ሙንዚር እባላለሁ፤ የኮምቦልቻ ልጅና የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ባለፈው ወር ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ጉዳዬን ላስረዳዎ ስጀምር «አንተ ልጅ፣ ትምህርት የለህም እንዴ? ጉዳይ ካለህ ወላጅ ይዘህ ና» ብለው ስለሸኙኝ፣ ምክርዎን አክብሬ ወደ ክፍሌ ተመልሻለሁ። ወላጅ ማምጣቱን ግን አልቻልኩበትም፤ እናታችን የሆስፒታልዎን አጥር ከሩቅ ስታይ ደም ግፊቷ ይነሳባታል። ደብዳቤዬን በግልጽ የጻፍኩት ደግሞ በታሸገ ፖስታ ብልክልዎ ለመክፈት እንዳይደክሙ አስቤ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ባነሩ ላመሰግንዎ እወዳለሁ። ታላቅ እህቴ ሱሀይላ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ በአምቡላንስ የሐረጎን ዳገት ወጥታ እናንተ ዘንድ ስትደርስ ልጁ በሆዷ ውስጥ ይራገጥ ነበር። በማዋለጃው በር ላይ «ርኅራኄና አክብሮት መለያችን ነው» የሚል ጽሑፍ ባትሰቅሉ ኖሮ፣ ከበሩ ጀርባ የምሰማውን ነገር ምን ብዬ እንደምጠራው አላውቅም ነበር። ምጡ ጠንቶባት ስትጮህ አንዷ ባለሙያ «ስታረግዢ እንዲህ ጮኸሻል?» አለቻት፤ ሌላዋ ሳቀች። እናታችን ልጄን ልያት ብላ ብትጠጋ ጥበቃው በዱላው መለሳት። ሱሀይላ ልጁ መራገጥ እንዳቆመ ራሷ ስትናገር «ዝም በይ፣ ከእኛ በላይ ልታውቂ ነው?» ተባለች። ሐኪም የተጠራው እሷ ዝም ካለች በኋላ ነው።

ሁለተኛ፣ የሞተውን ልጅ ያስረከባችሁኝ በግሉኮስ ካርቶን ነው። አባቱ ሚስባህ የከባድ መኪና ሾፌር ስለሆነ በዚያን ቀን ጅቡቲ መንገድ ላይ ነበር፤ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ካርቶኑ ላይ «ተሰባሪ ስለሆነ በጥንቃቄ ይያዙ» የሚል ታትሞበታል። በግቢያችሁ ውስጥ ስለ ጥንቃቄ ያየሁት ብቸኛ መመሪያ እሱ ስለሆነ ለአሳታሚው ምስጋናዬን አድርሱልኝ። በሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ ጭኔ ላይ አድርጌው ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እናት «ምን ይዘህ ነው እንዲህ ያቀፍከው፣ የኔ ልጅ?» ቢሉኝ፣ የእህቴን ልጅ ማለት አቅቶኝ «መድኃኒት ነው» አልኳቸው። በሺር ብለን ቀበርነው፤ ስሙን ሱሀይላ ናት ያወጣችለት፣ ገና ሳይወለድ። ያን ጊዜ እሷን ልጆቻቸውን ካቀፉ እናቶች መካከል አስተኝታችኋት ነበር። ጡቷ ወተት ሞልቶ ልብሷን እያራሰ፣ ግራና ቀኝ ሕፃናት ሲጠቡ ታይ ነበር። አልጋ ስለጠበበ ነው ተባልን። ጥበቱን እንረዳለን።

ሦስተኛ፣ በሰላም ከሆስፒታል ወጣች ብላችሁ የላካችሁልን ሴት እህቴ አልነበረችም። የብረት ሳህን ሲወድቅ አልጋ ሥር የምትገባ፣ በጀርባዋ መተኛት የማትችል፣ የጎረቤት ሕፃን ሲያለቅስ ጆሮዋን በሁለት እጇ ደፍና ግድግዳ ላይ የምታፈጥ ሰው ነበረች። ጎረቤታችን እትዬ ዘይቱና «ልጅ ናት፣ ሌላ ስትወልድ ትረሳዋለች» አሉ። ዱበርቲ የምንላቸው እናቶች ተሰብስበው ዱዓ አደረጉላት፤ ሲያደርጉላት ደስ ብሏት አልቅሳለች። ከሄዱ በኋላ ግን እንደገና እየባነነች «ሐኪም ጥሩልኝ» ትላለች።

እዚህ ላይ አንድ እውነተኛ ምስጋና አለኝ፤ ለእርስዎ ግን አይደለም። በእርስዎ ሆስፒታል ሲስተር ነፃነት የምትባል የአእምሮ ጤና ነርስ አለች። ሱሀይላን እርሺው አላለቻትም። በየሐሙሱ እያስቀመጠች ያቺን ቀን በትንሽ በትንሹ በገዛ አፏ እንድትነግራት አደረገች። ፍርሃቱ ሲመጣ እግሯን መሬት ላይ ተጭና በዙሪያዋ የምታየውን እየጠራች እንድትመለስ አስተማረቻት። እኔም ከእሷ ተምሬ ቤት ውስጥ ሲብስባት «ምን ይታይሻል?» እላታለሁ። መጋረጃ፣ ጀሪካን፣ የአንተ ደብተር እያለች ትመለሳለች። አንድ ቀን «የአንተ መልከ ጥፉ ፊት» ስትለኝ እናቴን ከጓዳ ጠርቼ እህቴ ተሰደበች ሳይሆን ሰደበችኝ ብዬ አበሰርኳት፤ ተቃቅፈን አለቀስን።

አራተኛና ዋናው ጉዳዬ ይኸው ነው። የሲስተር ነፃነት ክፍል የሚደረሰው በማዋለጃው ኮሪደር አልፎ ነው። ይህን ያሰበው ሰው በእሳት የተቃጠለን «ቅባቱ ከእሳቱ ማዶ ነውና ተሻገር» የሚል ዓይነት አስተዋይ መሆን አለበት። ሱሀይላ በመጀመሪያው ቀን የአንዲት ወላድ ጩኸት ስትሰማ ኮሪደሩ መካከል አስመልሷት ሸሸች። ሲስተር ነፃነት ክፍሉ በጓሮ በኩል ተዘግቶ የኖረ በር እንዳለው አይታ፣ የተከመረውን ስብርባሪ አልጋ አስነስታ አስከፈተችው። እህቴ የዳነችው በዚያ በር እየገባች ነው።

ከዚያ እርስዎ መኪናዎን ፀሐይ እንዳይነካው በበሩ ላይ የቆርቆሮ ጥላ አሠርተው በሩን ዘግተው አቆሙት። ክቡር ሆይ፣ እኛ ቆለኞቹ የኮምቦልቻ ሰዎች ሐረጎን ስንጨርስ ጃኬት የምንደርበው ለጌጥ አይደለም። ጉም ከቶሳ ተራራ ወርዶ እኩለ ቀን ድረስ በማይነሳባት ደሴ ከፀሐይ የሚሸሽ መኪና ማግኘትዎ የሚደነቅ ነው። ከበሽተኞችዎ መካከል እንዲህ ጥላ የተሠራለት አላየሁም፤ ተራቸውን ዝናብ ላይ ቆመው ነው የሚጠብቁት።

ሲስተር ነፃነት ተስፋ ሳትቆርጥ ሁለት ወንበር አውጥታ ከግቢው ጽድ ሥር ብታስቀምጣት፣ «ሕክምና የሚሰጠው በር ባለው ክፍል ውስጥ ነው፤ ይህ ሆስፒታል እንጂ መናፈሻ አይደለም» ብለው አስጠነቀቋት። ደንብ አክባሪነትዎን አደንቃለሁ። ከዚያ ወዲህ ሱሀይላ ደሴ አልወጣችም። ባለፈው ሳምንት ሳህን ወድቆ ስትንቀጠቀጥ አጠገቧ ተቀምጬ እጇን ያዝኩና «ምን ይታይሻል?» አልኳት።

«ኮሪደሩ» አለችኝ።

ስለዚህ የምጠይቅዎ አንድ ነገር ነው። ባለሙያዎቹ እንዲቀጡ፣ ይቅርታ እንዲባል፣ ባነሩም እንዲወርድ አልጠየቅኩም፤ ያ የእናንተና የፈጣሪያችሁ ነው። ሐሙስ ከሰዓት መኪናዎ ከበሩ ይነሳ። ጥላው ይቁም፤ በሥሩ አጎንብሰን እንገባለን፣ ማጎንበሱን ለምደነዋል። የሞተውን እንድትመልሱልን የለመንንዎ አስመስለው አያስቡት፤ የለመንንዎ መሪ ይዞ ቁልፍ ማዞር ብቻ ነው።

ውድ ጊዜዎን ወስደው እስከዚህ ስላነበቡ እጅ ነሥቼ እያመሰገንኩ፣ ወንበርዎ እንደ መኪናዎ ማንም የማይነካው፣ ዕድሜዎም ያደረጉትን ሁሉ ቁጭ ብለው ለማሰብ የሚበቃ ረጅም እንዲሆንልዎ እመኛለሁ።

አክባሪዎ፣
ወላጅ ያላመጣው ተማሪ፣ የበሺር አጎት፣
ሙንዚር፣ ከኮምቦልቻ

ማስታወሻ፦ መኪናውን ማንሳት ከባድ ሆኖ ካገኙት ሌላ ሐሳብ አለኝ። ሕክምናው በር ባለው ክፍል ይሁን ብለዋልና፣ የእርስዎ መኪና አራት በር አለው፤ ከውስጥ ይቆለፋል፣ መስታወቱ ሲዘጋ የማዋለጃው ድምፅ አይሰማበትም፣ በግቢው ውስጥም ከእሱ የተሻለ እንክብካቤ የሚደረግለት ስፍራ የለም። ሐሙስ ከሰዓት ቁልፉን ለሲስተር ነፃነት ይተዉላት። ሱሀይላ ምንጣፉን እንዳታቆሽሽብዎ ጫማዋን ታወልቃለች። እስክትጨርስ ማረፊያ ካጡ ኮሪደሩ ላይ፣ ከማዋለጃው በር ፊት ለፊት፣ አግዳሚ ወንበር አለ፤ እዚያ ይቀመጡና ያዳምጡ።