አጠገብህ የሚቀመጠውን ሰው አምጣ

ሰኞ፣ የካቲት 3

ዛሬም መብራት ላይ ጠፋችብኝ። ቀይ ሲበራ ፍሬን ያዝኩ፣ ፒክአፗ ተንቀጠቀጠች፣ ሳል ሳል አደረጋት፣ ጸጥ። አረንጓዴ ሲበራ አስነሥቼ ማርሽ አስገባሁ... እንደገና ጸጥ። ከኋላዬ የነበረው ታክሲ ጡሩምባውን ለቀቀው። ሹፌሩ በጎን ሲያልፍ «ልግፋልህ ወይስ እንቅበራት?» አለኝ። ነገረኛ!

ሞተሯን ካሠራሁ ወዲህ እንዲህ ሆናለች። ከፋብሪካው ተለቅ ያለ ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ) አስገባሁባት። ስትበር ሌላ ናት፤ ስትቆም ግን መረጋጋት አቃታት።

የምሠራበት ቀለም መሸጫ ቤት ገብቼ ለሥራ ባልደረባዬ ለጭሱ ነገርኩት። (ጭሱ የተባለው መኪናው ስለሚያጨስ ነው፤ እሱ ሲጋራ ነክቶ አያውቅም።) «ቶርክ ኮንቨርተርህ ነው» አለኝ ወዲያው። የገባኝን ልጻፈው፣ ነገ እንዳይጠፋኝ። አውቶማቲክ ካምቢዮ ፍሪሲዮን የለውም። በእሱ ፈንታ ሞተሩንና ካምቢዮውን በዘይት የሚያገናኝ ድስት የሚያክል ክብ ነገር አለ፤ ኮንቨርተር የሚባለው እሱ ነው። የኔው የፋብሪካ ስለሆነ ጥብቅ ነው፤ ሞተሩ ገና ቀስ ብሎ እየዞረ ይይዘውና ያንቀዋል። መፍትሔው ስቶሉ ከፍ ያለ ኮንቨርተር ማስገባት ነው። ስቶል ማለት ፍሬን ይዘህ ነዳጅ ስትሰጥ፣ ጎማው ሳይነቃነቅ ሞተሩ በደቂቃ እስከ ስንት ዙር እንደሚወጣ ነው።

«ስንት ላስገባ?» አልኩት።

«ሦስት ሺህ አምስት መቶ። ከዚያ በታች የጡረተኛ ነው።»

ባለቤቴ ዛሬም በአውቶቡስ ሄደች። ሞተሩ ከተሠራ ወዲህ ፒክአፗ ላይ አልወጣም ብላለች። ድሮ ጠዋት ጠዋት አብረን ነበር የምንወጣው፤ የምትሠራበት የጥርስ ክሊኒክ በር ላይ አውርጃት ወደ ቀለም ቤት እሄዳለሁ። አሁን ወንበሩ ባዶ ነው። መንገዱ ረዘመብኝ። መጥፋቷን ካቆመች ባለቤቴ ትመለሳለች... አይደል?

ረቡዕ፣ የካቲት 5

ራት ላይ ስለ ስቶል አስረዳኋት። ጨው ዕቃውን ሞተር አደረግኩት፣ ብርጭቆውን ካምቢዮ፣ መሃል ላይ ሳህን። አገጯን በእጇ ደገፍ አድርጋ ሰማችኝ።

«እኔ የትኛው ነኝ?» አለች።

«አንቺማ ተሳፋሪ ነሽ።»

«ተሳፋሪ ትኬት ቆርጦ በአውቶቡስ ነው የሚሄደው» አለችና ሞተሩን አንሥታ ሾርባዋ ላይ ጨው ነሰነሰች።

መኪናዋ ስለምትጠፋ ነው አይደል የማትመጪው፣ አልኳት። «እሱን አንተ ታውቃለህ» አለች። ምን ማለት ነው? ብቻ አዎ ማለቷ ይመስለኛል።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8

ሐኪሙ ጋ ሄድኩ። ኮንቨርተር ቀድዶ፣ ውስጡን ለውጦ፣ መልሶ የሚበይድ ሰው ነው፤ ሁሉም ሐኪሙ ይለዋል፣ እሱም አይጠላውም። ነጭ ካፖርት ለብሶ ይሠራል። ጸጉሩን ቀለም ይቀባል (እኔን አያታልለኝም፣ ቀለም ሥራዬ ነው)። ግድግዳው ላይ መስታወት ሰቅሏል፤ ብየዳ በጨረሰ ቁጥር ራሱን ያያል።

ጥያቄው ፈተና ነው። መኪናዋ ስንት ትመዝናለች? ካምሻፍቱ የትኛው ነው? ጎማዋስ? ለምን ትነዳታለህ?

ምን እንደያዘኝ አላውቅም። ክብደቷን ቀነስኩላት። የኋላውን የብረት ሳጥን፣ ከቀለም ቤት የማደርሰውን ባልዲ ሁሉ ረሳሁት። ካምሻፍቱን ከመካከለኛ ወደ ትልቁ አሳደግኩት። «ውድድር ትሄዳለህ?» ሲለኝ «አልፎ አልፎ» አልኩት። እኔ! ባለፈው ወር የቀደምኩት አንድ ትራክተር ነው፤ እሱም ሊታጠፍ ነበር።

«ስንት ትፈልጋለህ?»

«ሦስት ሺህ አምስት መቶ።»

ከመነጽሩ በላይ አየኝ። «ልብስ ሰፊ በለኝ፤ የምሰፋው በሰጠኸኝ ልክ ነው» አለ። ቀብረር ብዬ ወጣሁ።

ረቡዕ፣ የካቲት 19

ኮንቨርተሩ አልደረሰም። ጭሱ ሲገባም ሲወጣም ይጠይቀኛል። ልጅ የሚወለድለት ይመስላል።

ቅዳሜ፣ የካቲት 22

ገባላት! መብራት ላይ ቆምኩ... አልጠፋችም። ሌላ መብራት ፍለጋ ዞርኩ። አሁንም አልጠፋችም። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ሰኞ ወንበሩ ላይ ሰው ይኖራል።

ሰኞ፣ የካቲት 24

ሰው የለም።

«አትጠፋም እኮ አሁን» አልኳት በሩ ላይ። «እሰይ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ» ብላ ወደ አውቶቡሱ። ለሁለታችን ነው «ያላችሁ» ያለችው፤ ለኔና ለፒክአፗ።

ደግሞ አንድ ነገር አለ። ከመብራት ስነሣ ሞተሩ ይጮኻል። መጮህ ብቻ አይደለም፣ ያገሣል። መኪናዋ ግን... በጭቃ ውስጥ እንደሚራመድ ሰው ነው የምትሄደው። መንገደኛው ሁሉ ዞሮ ያያል፤ አንድ ብስክሌት ቀደመኝ። ማታ ባለቤቴ ምን አለች? «ጠዋት መውጣትህን ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። መድረስህን ያየ ሰው አለ?»

ሳቄን ለመያዝ ወደ ጓዳ ሮጥኩ። ግን እውነቷን ነው። ይሄ እንዴት ሊሆን ይችላል? አትጠፋም፣ ጉልበት አላት፣ አትሄድም።

ሐሙስ፣ የካቲት 27

ቀለም ጭኜ ዳገቱን ስወጣ የተቃጠለ ዘይት ሸተተኝ። ጥግ ያዝኩ። የካምቢዮው ዘይት ፈልቷል። ባልዲዎቹን በሰው መኪና ላክሁ። አፍሬ ሞትኩ።

ከሰዓት አንድ ደንበኛ ቀለም አነሰኝ ብሎ እየተቆጣ ተመለሰ። ሳሎኑን አሳንሶ ነግሮኝ ነበር። «ጌታዬ፣ ግድግዳ እኮ በምኞት አይለካም» አልኩት። ከአፌ ከወጣ በኋላ ለሐኪሙ የነገርኩት ክብደት ትዝ አለኝ። ጭሱ ከመደርደሪያው ጀርባ ሳቀብኝ። አንተ ደግሞ ምን ያስቅሃል፣ ሦስት ሺህ አምስት መቶ ያልከኝ አንተ አይደለህም?

ቅዳሜ፣ የካቲት 29

ሐኪሙ ጋ ስመለስ ሊቆጣ ነው ብዬ ፈራሁ። ሳቀ እንጂ አልተቆጣም። ሳጥኗን አየ፣ ባልዲዎቹን አየ፣ ጎማዋን በእግሩ መታ መታ አደረገ።

«ውድድርህ የት ነው? ቀለም ፋብሪካ?»

«አይ ጋሼ... ትንሽ ጨምሬ ነበር።»

«ሁሉም ይጨምራል። ሰው የሚመኘውን መኪና ነው የሚነግረኝ። ለዚህ መኪና ስቶሉ በዝቷል፤ ኮንቨርተሩ ሳይነክስ ዘይቱን ብቻ ያማታል፣ ይፈላል። ከፍቼ አስተካክልልሃለሁ። ግን ለሁለተኛ ጊዜ ባለቤቱን አልጠይቅም፣ ደንቤ ነው። አጠገብህ የሚቀመጠውን ሰው አምጣ። እሱ አይዋሸኝም።»

አጠገቤ የሚቀመጥ ሰው የለም ለማለት አፌ አልታዘዝ አለኝ። «አለች... ለጊዜው በአውቶቡስ ነው የምትሄደው» አልኩ።

መስታወቱን ማየቱን ትቶ እኔን አየኝ። «እንግዲያው ችግሩ ካሰብኩት ይከብዳል» አለ።

እሑድ፣ የካቲት 30

እስከ ምሳ አፌን ያዝኩ። በመጨረሻ ነገርኳት። ትስቃለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም።

«እኔን ሊጠይቀኝ ነው? ስለ መኪናው?»

«አዎ።»

«የማውቀውን ሁሉ እናገራለሁ።»

«ተናገሪ።»

«ኋላ እንዳታኮርፍ!» አለችና ቅዳሜ እመጣለሁ አለች። ምንድን ነው የምታውቀው?

ቅዳሜ፣ መጋቢት 6

እሷ በአውቶቡስ፣ እኔ በጩኸት። ቀድማኝ ደርሳ ሐኪሙ ወንበር ስቦላት አገኘኋቸው።

«እመቤቴ፣ በዚህ መኪና የት የት ይሄዳል?»

«ሥራ። ዳገቱ ላይ ቀለም ያደርሳል። እሑድ እናቴ ጋ እንሄዳለን፣ መንገዱ ሁሉ በመኪና ተጨናንቆ። ሽንኩርትም ይገዛል።»

«በፍጥነት?»

«ሽንኩርቱን?»

ሐኪሙ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ጣሪያ አያለሁ። ሁሉን ነገረችው፤ ሳጥኑን፣ ባልዲውን፣ መብራት በበዛበት መንገድ የምንሄድ መሆናችንን። ከተማ ውስጥ እንዴት እንደምነዳ ስትጠየቅ «ሲቀድሙት ይናደዳል፣ እሱ ግን ማንንም አይቀድምም» አለች። የገዛ ሚስቴ!

ከዚያ ሐኪሙ እንደ ቀልድ ጠየቃት። «ታዲያ እርስዎ ለምን ወረዱ? ስለምትጠፋ?»

«ኧረ መጥፋቷስ ምን ችግር አለው! ስትጠፋ ቁጭ ብለን እንስቅ ነበር።» ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስተካከለች። «ሞተሩን ካሠራ ወዲህ ነው። አፌን ስከፍት ‹ቆይ፣ ዝም በይ እስቲ፣ ሞተሩን ልስማ› ይለኛል። ጠዋት ጠዋት ዝም በይ መባል ሰለቸኝ። አውቶቡስ ውስጥ የሚሰማኝ አላጣሁም።»

እንዲህ ብያት ነበር? ብያታለሁ። እጄን ከፍ አድርጌ፣ ጆሮዬን ወደ ዳሽቦርዱ አዘንብዬ። ስንቴ? የሞተሩን እያንዳንዱን ሳል ሳዳምጥ እሷ ዝም ማለቷን አልሰማሁም።

ሐኪሙ ካርቶን ላይ «2400» ብሎ ጻፈና ዘይት ማቀዝቀዣም ጨመረበት። «ለካምሻፍቱ ይበቃል፣ መብራት ላይ አትጠፋም፣ ዳገቱንም ትወጣለች። የመኪናውን እኔ እሠራዋለሁ» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለእኔ ብቻ፦ «የሌላው መለዋወጫ ግን እኔ ጋ የለም።»

ፒክአፗን እሱ ጋ ትቼ ወጣሁ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 9

መኪና ስለሌለኝ ከባለቤቴ ጋር በአውቶቡስ ሄድኩ። ቦታ አልነበረም፤ እሷ ተቀመጠች፣ እኔ ከኋላዋ ቆምኩ።

ገና ሳትደላደል አንዲት ዘንቢል የያዙ እናት «ልጄ፣ ያ ግዙፉ ሰውዬስ? ጥርሱ ተነቀለ?» አሏት። ከፊት ያለው ተማሪ የጆሮ ማዳመጫውን አወለቀ። ትኬት ቆራጩ ራሱ ጠጋ አለ። ባለቤቴም ጀመረች... መርፌ ፈርቶ እናቱን ይዞ ስለመጣው የትግል አሰልጣኝ። አውቶቡሱ በሙሉ ይስቃል። እኔ ብቻ መነሻውን አላውቀውም። ለካ ሦስት ቀን የቆየ ታሪክ ነው።

ያ ሁሉ ወሬ የኔ ነበር። ለአውቶቡስ ሰጠሁት።

ስንወርድ እናትየው «ማነው ይሄ ከኋላሽ የሚከተልሽ?» አሉ። «ባሌ ነው» አለች። «ወይ ጉድ፣ ባል አለሽ እንዴ?» ቀናሁ ብል ማን ያምነኛል? ዘንቢል በያዙ እናት ቀናሁ።

ማታ መነሻውን ጠየቅኋት። በጥርጣሬ አየችኝ፤ «ምን ፈልገህ ነው?» አለች። ምንም፣ አልኳት፣ አሰልጣኙን ነው የፈለግሁት። ነገረችኝ። ግን አሳጥራ... እንግዳ ሰው እንደሚነገረው።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 13

ፒክአፗ መጣች። ረጋ ብላ ትቆማለች፣ ስትነሣ ትነክሳለች፣ ዳገቱን ዘይቷ ሳይፈላ ወጣች። ጭሱ «ሁለት ሺህ አራት መቶ? ጡረታ ወጣህ ማለት ነው» አለኝ። አዎ፣ ወጣሁ አልኩት።

ለባለቤቴ ሰኞ እንሂድ አላልኳትም። ልላት ብዬ ተውኩት። መኪናው ተሠራ ብዬ ብጠራት፣ አሁንም ስለ መኪናው ነው የማወራት። «ዝም በይ ማለቴ በጣም ክፉ ነበር፣ ይቅርታ» አልኳት፣ ሌላ ምንም ሳልጨምር። ልብስ እያጠፈች ነበር። «አዎ፣ ክፉ ነበር» አለች። ማጠፏን ቀጠለች።

ሰኞ፣ መጋቢት 15

ጠዋት ስወጣ የፒክአፗ በር አጠገብ ሰው ቆሟል። ባለቤቴ። ቦርሳዋን ይዛ።

«አውቶቡሱስ?» አልኳት።

«ዛሬ ይጠብቁኝ» ብላ ገባች፣ ወንበሩን ወደ ፊት ሳበችው (ቅዳሜ ጭሱ ተቀምጦ ወደ ኋላ ገፍቶት ነበር)፣ ቀበቶዋን አሰረች። ለመጀመሪያ ቀን ሴት ልጅ ሊሸኝ እንደመጣ ጎረምሳ መሪውን በሁለት እጄ ያዝኩ።

ከዚያ ጀመረች። አሰልጣኙ ዓርብ ዕለት ተመልሶ መጥቷል። በዚህኛው ዙር እናቱን ቤት ትቶ፣ በራሱ እግር። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አፉን ከፈተ፣ የጥርስ ሐኪሟ መርፌውን ስታነሣ ግን የደረት ፎጣውን እንዳሰረ ብድግ... በመስኮት ሊወጣ ሲል... «ቆይ፣ በየትኛው መስኮት?» አልኳት። «በመጸዳጃ ቤቱ ነዋ! እሱ ያክል ሰው!» በሁለት እጇ ልኩን አሳየችኝ።

ክሊኒኩ በር ስንደርስ ሰውዬው ገና መስኮቱ ላይ ተሰክቷል። ባለቤቴ አልወረደችም። ሰዓቷን አየች፣ «በሽተኞቹም ትንሽ ይቆዩ» አለችና ቀጠለች። ትከሻው እንዴት እንደተያዘ፣ እሷና የጽዳት ሠራተኛዋ በእግሩ እንዴት እንደጎተቱት፣ እናቱ ተጠርተው መጥተው እንዴት በጆሮው ይዘው እንደመለሱት። በመጨረሻ ጥርሱን ተነቅሎ ለሁሉም አበባ ገዝቶ መጣ። እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። እሷም። ሳታሳጥር፣ ሳትዘል ነገረችኝ።

ወረደች። በመስኮቱ አጎንብሳ «ማታ ትወስደኛለህ?» አለች። እወስድሻለሁ አልኳት። በሩ ውስጥ እስክትገባ አየኋት።

ልሄድ ማርሽ ላስገባ ስል እጄ ቆመ። ለካ ያን ሁሉ ጊዜ ማርሽ ውስጥ ነበርኩ፣ እግሬ ፍሬን ላይ። ሞተሩ አልጠፋም ነበር፤ እኔም አንዴ እንኳ አልሰማሁትም።