ስድስት ደቂቃ በረዶ ውስጥ

ውድ አኔታ፣

እዚህ አንደርማት ዛሬ በበረዶ ናዳ የተቀበረ ሰው የሚያወጡ ውሾች ሲሠለጥኑ ዋሉ። በረዶ ውስጥ የሚደበቅላቸው ሰው ሲፈልጉ፣ እኔ ልግባ አልኳቸው። አሠልጣኙ ሬቶ ጉድጓዱን እየዘጋብኝ፣ «እማማ፣ እንዳያንኮራፉ! ዛሬ ውሻዋ የምትፈተነው በአፍንጫዋ እንጂ በጆሮዋ አይደለም» ብሎ አሳቀኝ።

ውስጡ እንደ ድንች ማስቀመጫችን ጨለማ ነው። የገባሁት ናዳ የወሰደብኝ ልጄ አንድሪ የነበረበት ምን እንደሚመስል ለማወቅ ነበር። ስሙን ጠራሁት፤ ድምፄ እዚያው ከእኔ ጋር ቀረ። ከዚያ ውሻዋ ቆፍራ ገባችና ፊቴን በሙሉ ላሰችኝ። ግማሽ ሰዓት የቆየሁ መስሎኝ ነበር፤ ሬቶ ግን «ስድስት ደቂቃ ብቻ» አለኝ።

አንድሪን ለማግኘት ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀባቸው። ደረቱ ላይ ማሰር የነበረበት፣ ከበረዶ ሥር ያለበትን ለፈላጊዎች የሚጠቁመው መሣሪያ ሳይበራ ቦርሳው ውስጥ ነበር። ያን ጠዋት በር ላይ ዳቦ መያዙን ብቻ ነው የጠየቅኩት።

አንቺ ግን ልጅሽ ላዲና ለበረዶ ሸርተቴ ስትወጣ በር ላይ አቁሚያት። «እማዬ፣ ደግሞ ጀመረሽ!» ብትልሽም ጃኬቷን አስከፍተሽ የመሣሪያውን መብራት በዓይንሽ እይ።

መጻፊያ ቦታው ጠበበኝ። ጉንጯን ሳሚልኝ፤ መብራቱን ካየሽ በኋላ።

ሜንጂያ