ባዶው ምሳ ዕቃ

ናዝሬት፣ ማክሰኞ ጥቅምት 5 ቀን 1972 ዓ.ም.

መቀመጥ አቅቶኛል። ጸሎት ቤታችን ከታሸገ ወዲህ ለታሰረው ለወንድም ታደሰ ስንቅ የምናደርሰው እኛ እህቶች በየተራ ነን። ዛሬ ተራው የእኔ ነበር። እስር ቤቱ በር ላይ ስደርስ ዘበኛው ስንቅ ያመጡትን ሰዎች ስምና መሥሪያ ቤት ይመዘግባል። ልጆቼ ትዝ አሉኝና ተመለስኩ። ምግቡን መናኸሪያው አጠገብ ለአንድ የኔ ቢጤ ሰጠሁት።

ባዶውን ምሳ ዕቃ ይዤ የታደሰ ሚስት አልማዝ ዘንድ ሄድኩ። ከእሑድ ጀምሮ ስንቁ ሳይነካ ነበር የሚመለሰው። ክዳኑን ከፈት አድርጋ አየችና፣ «በላ! ዛሬስ በላልኝ!» ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

«አልሚ፣ ስሚኝማ...»

«ቆይ፣ መጀመሪያ ጌታን እናመስግን» ብላ ተንበረከከች። አጠገቧ ተንበረከክሁ። ስትጨርስ እኔም አሜን አልኩ።